ለሉካስ የተተከለው ድንኳን

ይህን የምጽፈው ራሴን ላጋልጥ ነው። ሚስቴ ወይንሸት "ተው፣ ሰው ይስቅብሃል" ብላኛለች። ይሳቅ! ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን "እኔስ በእሱ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁልኝ። ከእናንተ የምፈልገው ይህችን ጥያቄ ብቻ ነው።

ደጀኔ እባላለሁ። ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንኩ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጸሐፊ ስል ቀላል ሥልጣን እንዳይመስላችሁ። ሊቀመንበር ይከበራል እንጂ አይፈራም፤ የሚፈራው ጸሐፊው ነው። መዝገቡ እኔ ጋ ነው፣ ማኅተሙ እኔ ጋ ነው፣ የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍም እኔው ኪስ ውስጥ ነው። ሰው ሲሞትበት መጀመሪያ እግዜርን ይጠራል፣ ቀጥሎ እኔን። ይህ ነገር ቀስ እያለ ራስ ላይ ይወጣል። እኔም ላይ ወጥቶ ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ሰፈራችን ሁለት እንግዳ መጣ። አንደኛው ፒተር የሚባል ፈረንጅ ነው። ሰማያዊ በር ያለውን ትልቁን ግቢ ተከራየ። በሩ ሁልጊዜ ዝግ ስለሆነ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚኖር አናውቅም ነበር። ሁለተኛው ቺሶሞ ይባላል፣ የማላዊ ሰው ነው። ከፒተር ግቢ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቶ ገባ። ዛፍና ቅጠል የሚያጠና ተመራማሪ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የላስቲክ ቦቲውን አጥልቆ ሽቅብ ወደ እጽዋት ማዕከሉ ይወጣል፣ ማታ ጭቃውን ተሸክሞ ይመለሳል። ቁመቱ ለጉድ ነው። የሰፈሩ ሰው "ጥቁሩ" ነበር የሚለው። እንግዲህ ጥቁሩ ሲባል ቀሪዎቻችን ምን እንደሆንን እግዜር ይወቅ። እኔ ራሴ የጀበና ቂጥ የምመስል ሰውዬ ነኝ።

ፒተር በገባ በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበራችን ጋሽ መኩሪያ ሱቄ ድረስ መጡ። ጋሽ መኩሪያ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው።

"ደጀኔ፣ ፈረንጁን መዝግበው" አሉኝ።

"አመለከተ እንዴ?"

"ፈረንጅ ደግሞ ምን ያመለክታል! የክብር አባል አድርገው። እድራችን ፈረንጅ አለበት ሲባል የታችኞቹ እድሮች እርር ይበሉ።"

መዘገብኩት። ተራ ቁጥር መቶ አርባ ሁለት። ፒተር እድር ምን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ እንጃ፤ አባል መሆኑን ግን በጭራሽ አያውቅም ነበር።

ቺሶሞ ደግሞ ራሱ መጣ። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ላይ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረቫት አስሮ፣ በእጁ በአማርኛ የጻፈውን ማመልከቻ ይዞ። ፊደል በስንት ወር እንደተማረ አላውቅም። ጋሽ መኩሪያ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ማየቱም ጊዜ ፈጀ።

"ይሄ ናይጄሪያዊ ምን ፈልጎ ነው?"

"ማላዊ ነኝ አባባ።"

"ያው ነው።"

ዕድሜ ልካቸውን መሬት ሲቀይሱ የኖሩ ሰው! ማላዊና ናይጄሪያ የት የት እንደሆኑ የገባቸው አይመስለኝም።

"ሦስት ዋስ አምጣ" አሉት። በሚቀጥለው ወር ሦስት ዋስ ይዞ መጣ። "የቀበሌ መታወቂያ አምጣ" አሉት። እሱን እንደማይሰጡት ስለምናውቅ ነው የጠየቅነው፤ ሰውየው ግን የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ማኅተም አስመትቶ አመጣ። "እንግዲያው ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን" አሉት። ጠቅላላ ጉባኤ ከተጠራ አራት ዓመት አልፎታል።

ገና የመጀመሪያው ቀን፣ ማመልከቻውን ሰጥቶን እንደወጣ፣ ጋሽ መኩሪያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ጥቁር ጠልቼ አይደለም እኮ፣ ግን እነዚህ ሰዎች አይታወቁም" አሉ። ማንም አልሳቀም። እሁድ ረፋድ ላይ ኳየር ውስጥ ቆሜ ሁላችንም በክርስቶስ አንድ ነን እያልኩ ስዘምር የመጣሁት እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ጠረጴዛው ተንገጫገጨ። የእድሩ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ፊርማ ላይ ያስቸግራል። የቺሶሞን ማመልከቻ ሳላነብ አራት አጠፍኩና ከእግሩ ሥር ሸጎጥኩት። ልክክ አለ።

"ጎበዝ!" አሉኝ ጋሽ መኩሪያ።

ሰውየው ወር በገባ ቁጥር ይመጣል። "ጋሽ ደጀኔ፣ ማመልከቻዬስ?" "በሂደት ላይ ነው።" ክርኑን እዛችው ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ነው የሚጠይቀኝ! "ጠረጴዛው ጥሩ ሆነ፣ አይነቃነቅም" አለኝ አንድ ጊዜ። ያን ቀን እንኳን አላፈርኩም።

በአምስተኛው ወር፣ እሁድ ሳይሆን ማክሰኞ ቀን፣ ሱቄ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ጋሽ ደጀኔ፣ ዛሬ መልስ ማግኘት እችላለሁ?"

"ዛሬ ማክሰኞ ነው።"

"አውቃለሁ። ግን ዛሬ ነው የምፈልገው።"

"ወንድሜ፣ እድር ፋርማሲ አይደለም እኮ፣ በፈለግክ ሰዓት አይከፈትም።"

ከዚያ ነጭ ጋቢ ገዝቶ ሄደ። "ለስጦታ ነው?" ስለው "አይ፣ ለራሴ ነው" አለኝ። ያን ቀን የመጀመሪያ ገበያዬ ስለነበረ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት አለፈና ያቺ ቅዳሜ መጣች።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሬ ተንኳኳ። የፒተር አዲሱ ዘበኛ ታፈረ ነው። ከተቀጠረ አራት ቀኑ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ በደረቱ ይዟል።

"ጋሽ ደጀኔ፣ እኛ ቤት ሐዘን ገብቷል።"

"ማን ሞተ?"

"ሉካስ የሚባል። ታሞበት ፈረንጁ ሐኪም ቤት ሲመላለስ ነበር። ትናንት አመሻሽ ላይ ብቻውን እያለቀሰ መጣ። 'ሉካስ ሞተ' አለኝ።"

"ምኑ ነው?"

"ጠይቄው ነበር። 'ቤተሰቤ ነው' አለኝ። ከዚያ በላይ መጠየቅ ከበደኝ። ጋሽዬ፣ እንዲህ የሚያለቅስ ወንድ አይቼ አላውቅም።"

"ሬሳውስ?"

"እዛው ሐኪም ቤት ቀርቷል መሰለኝ። ወደ አገሩ ይልኩት ይሆናላ።"

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ ባልመጣ ነበር። ግን እኛ አገር ሐዘንተኛ ይጠየቃል? መጀመሪያ እያለቀሱ መግባት፣ ማን እንደሞተና በምን እንደሞተ ኋላ ማጣራት ነው ወጉ። ጋሽ መኩሪያ ጋ ሮጥኩ። "ወይኔ የፈረንጁ ልጅ!" ብለው ከአልጋ ዘለው ወረዱ። ቤተሰብ የተባለው በእሳቸው አፍ ልጅ ሆነ፤ ጡሩምባ ነፊው ጋ ሲደርስ አንድያ ልጅ ሆኖ ነበር።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰፈሩ ተነቃነቀ። እውነቴን ነው፣ እድራችን እንዲያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። ብረት ድስቶቹ ወጡ፣ ሽንኩርት ተላጠ፣ ንፍሮ ተጣደ። ድንኳኑን ሰማያዊው በር ፊት ለፊት ልንተክል ስንል ግን እንደ ልማዳችን መሃል ምሰሶው አልቆም አለ። ሁላችንም አጫጭር ነን። ወዲህ ስንል ወዲያ፣ ወዲያ ስንል ጋሽ መኩሪያ ላይ። ይሄኔ አንድ ረጅም እጅ ከኋላዬ መጥቶ ምሰሶውን ቀጥ አድርጎ አቆመው። ቺሶሞ ነው። ያን ነጭ ጋቢ ለብሷል።

"ማን ነው የሞተው፣ ጋሽ ደጀኔ?"

"የፒተር ቤተሰብ ነው። አባል ባትሆንም ያዝ፣ ያዝ! ግድ የለም" አልኩት። ግድ የለም ነው ያልኩት! አሁን ሲታወሰኝ ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

ሁሉም ሲያልቅ አስለቃሿ እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፊት ፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን "ወይኔ! ወይኔ!" እያልን ግቢ ገባን። ፒተር በቁምጣና በካናቴራ፣ የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ እንዳለ ወጣ። መቶ ሰው ግቢው ውስጥ ያለቅሳል።

"ለሉካስ ነው የመጣችሁ?" አለ በዛች በምትንገዳገድ አማርኛው።

"ለሉካስ ነው የኔ ጌታ! ለሉካስ ነው!" አሉ እማማ ጥሩነሽ።

ሰውየው ብሩሹን ጥሎ እየተንሰቀሰቀ እማማ ጥሩነሽ ትከሻ ላይ ወደቀ። በኋላ እንደነገረኝ "እነዚህ ሰዎች እንስሳ እንዴት ይወዳሉ!" ብሎ ነበር የሚያስበው።

ድንኳን ውስጥ ወስደን አስቀመጥነው፣ ጋቢም አለበስነው። ጋሽ መኩሪያ ከጎኑ ተቀመጡ። ፒተር ከቺሶሞ ጋር እኩያ ነው፣ ሰላሳዎቹ ውስጥ ቢሆን ነው፤ ቺሶሞን ግን አንተ፣ ፒተርን እርስዎ ነበር የሚሉት።

"ዕድሜው ስንት ነበር?"

"አሥራ አንድ።"

"ኧረ ለጋ! በምን ታመመብዎት?"

"ኩላሊት።"

"ተምሮ ነበር?"

"በጣም!" አለ ፒተር እንባውን እየጠረገ። "በጣም ጎበዝ። ስጠራው ይመጣል። ተቀመጥ ስለው ይቀመጣል።"

"አያችሁ የፈረንጅ አስተዳደግ!" አሉ ጋሽ መኩሪያ ወደኛ ዞረው። "የኛዎቹ ሲጠሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።"

"ታማኝ ነበር" አለ ፒተር። "ከሥራ ስመጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።"

እማማ ጥሩነሽ ይህችን ሰምተው ዝም ሊሉ ነው? ተነሱና ደረታቸውን እየመቱ አወረዱት፦

"በር ላይ ቆሞ ነበር አባቱን ሲጠብቅ፣
ሉካስ ከሌለማ ከደጅ ማን ይበል ብቅ።"

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተናፈጥኩ።

የቀረው ፎቶ ነበር። ሬሳው በሌለበት ለቅሶ ፎቶ ግድ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለቅሶ ደራሹ እያየው ያለቅሳል። የእድሩን ጠረጴዛ አምጥቼ፣ ያንኑ ወረቀት ከእግሩ ሥር መልሼ ሸጉጬ፣ ድንኳኑ መሃል አቆምኩ። ጋሽ መኩሪያ ፒተርን ፎቶ ጠየቁት። ገባና በትልቅ ፍሬም የተሰቀለ ፎቶ በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። ስሞ ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

ትልቅ፣ ቡናማ፣ ጆሮው የተንዘላዘለ ውሻ ነው። ምላሱን አውጥቷል። አንገቱ ላይ ቀይ ሻርፕ አስረውለታል።

ከውጭ የንፍሮው መንፈቅፈቅ ይሰማል። አንድ ሰው ከኋላ "የልጁ ፎቶ ከውሻው በስተጀርባ ይሆን?" አለ። ሁላችንም ትንሽ ጎንበስ ብለን አየን። ማንም የለም።

ይሄኔ ቺሶሞ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ገባ። ፎቶውን ሲያይ ወንበሩን አስቀመጠ።

"ውይ! ሉካስ ነው የሞተው?"

"ታውቀዋለህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"የፒተር ውሻ ነው። ለምን አልጠየቃችሁኝም?"

እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። "ውሻ?! ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ለውሻ ነው ሙሾ ያስወረዳችሁኝ?" ዓይናቸው ዘበኛው ታፈረን ፈለገ፤ ታፈረ ግን ከሽንኩርት ላጮቹ ጋር ተቀላቅሎ አንገቱን ደፍቷል። ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን እያወዛወዙ በጥርሳቸው ውስጥ ተናገሩ፦ "ቀስ! ፈረንጁ ይከፋዋል! አልቅሱ! ዝም ብላችሁ አልቅሱ!"

አለቀስን። ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት ይል ነበር ጎረቤቴ፤ እኔ ጴንጤ ብሆንም ዛሬ መሐላዋን ልዋስ። ለፈረንጅ ይሉኝታ ብለን፣ ውሻ መሆኑን እያወቅን፣ የሰፈር ሽማግሌ ሁሉ ጋቢ ለብሰን "ወይኔ ሉካስ" አልን። አንዱ ሳቁ መጥቶበት ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ሲነቃነቅ ያየ ሁሉ በሐዘን የተሰበረ መሰለው። ሳቁ ከጎኑ ያለውን ያዘው፣ ከዚያኛው ጎን ያለውንም ያዘው፣ አግዳሚው በሙሉ ተንቀጠቀጠ።

እማማ ጥሩነሽ ግን አይሳሳቱም። ሃምሳ ዓመት ሰው ሲያስለቅሱ የኖሩ ሴት የውሸትና የእውነት እንባ ይለያሉ። ድንኳኑ ጥግ ላይ መሬት ተቀምጦ፣ ጋቢው ውስጥ ተቀብሮ የሚያለቅስ አንድ ሰው አዩ። ሄደው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ለውሻ ነው?"

ቺሶሞ ቀና አለ። "እማማ፣ ሉካስ ለቅሶዬን ደርሷል።"

"ምን?"

"አባቴ ሞቷል። ሦስት ሳምንት ሆነው። ማክሰኞ ቀን በስልክ ሰማሁ። ፒተር ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ነበር፤ ይህን ጋቢ ገዛሁና ቤቴ በር ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ሲሆን እንዲህ እንደምትቀመጡ አይቻለሁ። ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ዋለ። ማንም አልመጣም። ማታ ሉካስ በአጥሩ ቀዳዳ መጣና እግሬ ላይ ተኛ። እስኪነጋ አልሄደም።" አፍንጫውን ጠረገ። "የደረሰልኝ እሱ ብቻ ነው። እኔም የእሱን ልድረስ ብዬ ነው።"

ሳቃችን የት እንደገባ አላውቅም። ማክሰኞ! ያቺ ጋቢ የሸጥኩባት፣ የመጀመሪያ ገበያዬ!

"ምነው ልጄ፣ እድር የለህም?" አሉ እማማ ጥሩነሽ።

"አመልክቼ ነበር።"

ፒተር ግራ ተጋብቶ ነበርና "እድር ምንድነው?" አለ። አስረዱት። "እኔ አባል ነኝ?" አለ። ነህ አሉት። "መቼ አመለከትኩ?" አለ። "ታዲያ ቺሶሞ ለምን አይደለም?" ብሎ ሁላችንንም አየ። ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ደንብ ነው ልጄ። ደንቡ ዋስ ይጠይቃል፣ መታወቂያ..."

"አመጣሁ እኮ ጋሽ መኩሪያ" አለ ቺሶሞ። ተነስቶ ቆመ፤ ራሱ የድንኳኑን ጣሪያ ነካ። ድምፁን ግን አላነሳም። "ሁሉንም አመጣሁ። ለውሻ ጠዋት ተነግሮ ረፋድ ላይ ድንኳን ተተከለ። ለእኔ አባት አምስት ወር ለመንኩ። በቋንቋ አይደለም፣ ፒተር ከእኔ የባሰ ነው የሚናገረው። በእንግድነት አይደለም፣ ሁለታችንም በአንድ ወር ነው የገባነው። የተለያየነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እሱን እናንተ ንገሩኝ፤ እኔ ከምናገረው።"

"ደንብ?" አሉ እማማ ጥሩነሽ ወደ ጋሽ መኩሪያ እየተጠጉ። "ሉካስ ስንት ዋስ አመጣ?"

"ጥሩነሽ፣ እንደሱ አይደለም..."

"መኩሪያ! ቤትህ መስታወት የለህም? ጥቁሩ ጥቁሩ የምትሉት እናንተ ከምን ተጋግራችሁ ነው?" ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "አንተ ጸሐፊ! የልጁ ማመልከቻ የት አለ?"

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የምወድበት ሰዓት እሱ ነበር። መዋሸት ይቻል ነበር፤ መጋዘን ነው፣ ቢሮ ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን ዓይኔ አጋለጠኝ፤ ወደ ጠረጴዛው እግር አየሁ። ቺሶሞም ዓይኔን ተከትሎ አየ። መቶ ሰው አየ።

ተንበረከክሁና መዘዝኩት። ጠረጴዛው ዘጭ አለ፤ ሉካስ ከነፍሬሙ በአፍጢሙ ተደፋ። ወረቀቱ ጭቃ ጠጥቷል፣ የእግሩ ቅርጽ ክብ ሆኖ ታትሞበታል። የእድሩን ማኅተም ያገኘ ይመስል ነበር።

"አንብበው" አሉ እማማ ጥሩነሽ።

"እማማ..."

"ጮክ ብለህ!"

አነበብኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ። እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ፦

"ለእድሩ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ አባል ለመሆን። ስሜ ቺሶሞ ነው። ከማላዊ መጣሁ። ድንኳን ስትተክሉ አየሁ። አጭር ሰው ብዙ አላችሁ። እኔ ረጅም ነኝ፣ ልረዳ እችላለሁ። አባቴ በጣም ታሟል። አገሬ ሩቅ ነው። አባቴ ቢሞት ብቻዬን መቀመጥ አልፈልግም። ከአክብሮት ጋር።"

"አጭር ሰው ብዙ አላችሁ" የሚለው ላይ አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ እኔ ራሴ ማንበብ አቃተኝና ወረቀቱን አጠፍኩት።

ጋሽ መኩሪያ ተነሱ። "ድንኳኑ አይፈርስም" አሉ። "ንፍሮውም በስሏል። ኑ፣ ሁላችሁም ውጡ።"

"ለምን?"

"ለቅሶ ተቀምጠው አይጀምሩትም። ከውጭ ነው የሚገባው።"

መቶ ሰው ተግተልትለን ወጣን። ጡሩምባው እንደገና ተነፋ። ቺሶሞን ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፣ ፒተር ከጎኑ ተቀመጠ። እኛ ደግሞ ከአስፓልቱ ጀምረን፣ እንደ አዲስ፣ ደረት እየመታን ገባን። ከፊት ጋሽ መኩሪያ ነበሩ፤ ቺሶሞ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ አንስቶ አቀፋቸው። እማማ ጥሩነሽ አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቁት። ብስክሌት ጠጋኝ ነበር አለ፤ ሲመጣ ከሩቅ በፉጨቱ ይታወቅ ነበር አለ። እሳቸውም ወዲያው፦

"አገሩ ሩቅ ነው መንገዱ አይገፋ፣
ሐዘኑ ግን እዚህ በራችን ላይ ተደፋ።"

ያን ቀን የሰማሁትን ለቅሶ በዘጠኝ ዓመት ጸሐፊነቴ አልሰማሁም። የአባቱን ፎቶ ከስልኩ ላይ አሳጥበን አመጣን። የሉካስን ላነሳ ስል ቺሶሞ "ይቀመጥ" አለኝ፤ "ለቅሶ ደራሽ ነው።" ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ቆሙ።

የጠረጴዛው እግር ግን አጭር ነው አይደል? ከሥሩ የሚሸጎጥ ነገር ልፈልግ ስል እማማ ጥሩነሽ "እግርህን አስገባ!" አሉኝ። እስከ ሠልስቱ ድረስ፣ ሦስት ቀን፣ ጫማዬን ከጠረጴዛው ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ እንኳን መነሳት አልችልም፤ ሉካስ ይወድቃል። በሦስተኛው ቀን ቺሶሞ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"ጋሽ ደጀኔ፣ እግርዎ አልደከመም?"

"ደክሞኛል" አልኩት። "ይቅርታ አድርግልኝ። ወረቀቱን አላነበብኩትም ነበር።"

እግሬን አየ፣ ፊቴን አየ። "ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ" አለኝ። "እግርዎ ግን ትንሽ ይቆይ።"

ትንሽ ያለው ለሁለት ሰዓት ነበር።

ዛሬ ቺሶሞ ተራ ቁጥር መቶ አርባ ሦስት ነው፤ የድንኳን ኃላፊም እሱ ነው። ምሰሶው ወድቆብን አያውቅም። ጋሽ መኩሪያ ቢሮው ግድግዳ ላይ የአፍሪካ ካርታ ሰቅለው ማላዊን በቀይ እስክሪብቶ ከበዋታል፤ የገባውን ሁሉ "ናይጄሪያ የት ነው፣ ማላዊ የት ነው?" እያሉ ይፈትናሉ። እኔን ደግሞ አንድ ነገር ለወጠኝ። ድሮ ዘረኝነት የሚባለው የነጭ ሰው በሽታ፣ ውጭ አገር የሚገኝ ነገር ይመስለኝ ነበር። የወንድሜ ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ በመልኳ ሲሰድቧት ደሜ የፈላ ሰውዬ ነኝ እኮ! ያው እኔ እዚህ ጉለሌ፣ ማንንም ሳልሰድብ፣ ድምፄን ሳላነሳ፣ አንድ ወረቀት አጥፌ የሰው አባት ጠረጴዛ ሥር ቀበርኩ። ክፋት ጮኾ የሚመጣ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እኔ ጋ የመጣው ጠረጴዛው አልቆም ብሎኝ ነው።

ጠረጴዛው ዛሬም ይነቃነቃል። ቺሶሞ በእንጨት ላስተካክለው ቢልም እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ስጽፍበት ሲንገጫገጭ ደስ ይለኛል፤ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ያስታውሰኛል። እናንተም ቤታችሁ፣ ቢሮአችሁ ውስጥ አልነቃነቅ ያለ ጠረጴዛ ካለ፣ እባካችሁ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ እዩ። ያገኛችሁትን ወረቀት አውጥታችሁ አንብቡት።